አግኚዎቹን ያብዛልን

መርካቶ ውስጥ ከሱቄ ፊት ለፊት ጫማ የሚሸጠው ጎረቤቴ እሑድ እሑድ ፏፏቴ ያገኛል። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ከኪሱ ሳያወጣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ይደቅናል። «ጋሼ፣ ይሄን ይዩት! ማንም የማያውቀው ቦታ ነው።» አያለሁ። ውሃው ከገደል ይወረወራል፣ ጎረቤቴ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ከኋላው ሁለት ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ አንድ ልጅ በሬ ያጠጣል። እነሱ አይቆጠሩም።

ሥራው ግን ይመሰገናል። ይህች አገር ስንት ዘመን ፏፏቴዎቿን ሳታገኝ መኖሯ ያሳዝናል። ጢስ ዓባይማ ረክሷል፤ የድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ታትሞ በየወያላው መዳፍ ሲታሽ ኖሯል፣ ማን ያገኘዋል? ስለዚህ በዓል ከቅዳሜና እሑድ ጋር ሲገጥምለት ጎረቤቴ ራቅ ይላል። መቱ አጠገብ ያለውን ሶርን አግኝቷል። ወላይታ ወርዶ አጆራንም አግኝቷል። ሁለቱም ስም ይዘው ነው የጠበቁት፤ ከየት እንዳመጡት አልጠየቀም።

ሙያው የቆየ ነው። በፈረንጆች 1770 ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ግሽ ደርሶ የዓባይን ምንጭ «አገኘ»፤ ከምንጩ ቀድቶም ለእንግሊዝ ንጉሥ ጤና ጠጣ። ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ በ1618 ምንጩን ማየቱን ግን አልቀበልም ብሎ ተሟገተ። ምንጩን ሲያከብር የኖረው የግሽ አገው ከሁለቱ ማን ቀደመ በሚለው ክርክር ላይ አልተጠራም።

እኔን ያሳሰበኝ ፍርድ መጓደሉ ነው። ፏፏቴው ሥር የሚኖረው ገበሬስ መቼ ያግኝ? ለልጁ ጎጆ መውጫ ቆርቆሮ ሊገዛ አንድ ቀን አውቶቡስ ተራ ይወርዳል እንበል። ምናለሽ ተራ ይገባል። በርሜል ይቀጠቀጣል፣ ጎማ ይቀደዳል። ስልኩን አውጥቶ «ወገኖቼ፣ ማንም ያልደረሰበት ስውር ገበያ አገኘሁ!» ይላል። በርበሬ ተራ ሲደርስ እያስነጠሰው ስለ አየሩ ንጽሕና ያወራል፤ እናቶቹን ሳያስፈቅድ እየቀረጸ «እንግዳ ያላዩ የዋህ ነዋሪዎች» ይላቸዋል። ሸራ ተራን በልጁ ስም «የእማዋይሽ ሸለቆ» ብሎ ይሰይማል። ይህን እንኳ አትንቀፉት፤ ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ አንስቶ ወደዚህ ሲያመጣና መርካቶ ሲለው ማንን አማክሮ ነበር?

ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ይጠነቀቃል። «ቦታው እንዳይበላሽ ለሁሉም አልናገርም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።» በሳምንቱ አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው ይዞ ይመጣል። ዱላ ዱላቸውን ይዘዋል። ከአውቶቡስ ተራ ጀምሮ የሚመራቸው ኩሊ ነው፤ ሃያ ብር ይሰጡታል፣ ስሙን አይጠይቁትም። መሬት ላይ የተዘረጋውን የልጆች ልብስ አቋራጭ ነው ብለው ይረግጡታል። የጎረቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የተጠበሰ በቆሎ ይበላሉ፣ ቆረቆንዳውን ጫማው ውስጥ ይጥላሉ። አንዷ የጫማ ካርቶን ክምር ላይ ወጥታ እጇን ትዘረጋለች። አንዱ ከአካባቢው ጋር ልዋሃድ ብሎ ሸሚዙን ያወልቃል። ጎረቤቴ እየሮጠ ይመጣል። «ምን ሆናችኋል? እዚህ ሰው አለ እኮ! ከአባቴ ጀምሮ እዚሁ ነን!» ገበሬው ስልኩን ዝቅ አድርጎ በትሕትና «ወንድሜ፣ ትንሽ ፈቀቅ በልልን፤ ቦታው ያልተነካ እንዲመስል ነው» ይለዋል።

በነገራችን ላይ አይሱዙው መኪና ማቆሚያ አይከፍልም። ስውር ቦታ ላይ ምን ክፍያ አለ?

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ስነግረው ሳቀ። እኔ ግን አላሳቀኝም። ሰው የሚኖርበትን ቦታ ማንም አያውቀውም ማለት ውሸት ነው። ፏፏቴው ድረስ የወሰደህን ቀጭን መንገድ ውሃ ቀጂና ከብት ናቸው ያወጡት፤ አንተ የሄድክበት አንድ እሑድ ነው። የሰው ገብስ ረግጠህ አትለፍ። ሴቶቹን ሳታስፈቅድ አትቅረጽ። ገደሉን ያሻገረህን ልጅ እንደ አገሩ ደንብ ክፈለው፣ ቪዲዮህ ላይም ስሙን ጥራ። ባዶውን ሃይላንድ ደግሞ ወንዝ ዳር ጥለህ አትምጣ፤ ከሱቅህ ሁለት እርምጃ አልፎ ምናለሽ ተራ በገንዘብ ይገዛሃል። ለመርካቶ ነጋዴ ይህን እኔ ልንገረው?