ሽሮ በምን ጥፋቷ?

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ሦስት ጎልማሶች አንድ ጠረጴዛ ከከበቡ አንዱ ከደረት ኪሱ የላቦራቶሪ ወረቀት ማውጣቱ አይቀርም። «ዩሪክ አሲድ አለብህ ተባልኩ» ይላል በተሰበረ ድምፅ። ሁለቱ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። ከንፈር መጣጮቹም እኮ አለባቸው! ሰውነት ያረጁ ሴሎችን ሲያፈርስ፣ ምግብም ሲያብላላ ሁላችንም እናመርተዋለን፤ በአብዛኛው ኩላሊት ያስወጣዋል። መዘዙ የሚመጣው ሲበዛ ነው። በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ 6.8 ሚሊ ግራም ገደማ ካለፈ፣ የመርፌ ቅርጽ ያለው ክሪስታል ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው የእግር አውራ ጣትን ነው። ያኔ ሌሊት አንሶላ ሲነካው እንኳ የሚያስጮኽ ሕመም፣ ሪህ የሚባለው፣ ይነሣል።

ቁጥሩ ከፍ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ግን ሪህ ሳይነካቸው ይኖራሉ። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሕመም ለሌለው ሰው ማውረጃ መድኃኒት ባይጀመር ይሻላል ብሏል። እኛ ዘንድ የሚታከመው ወረቀቱ ነው። ጉልበቱን የቆረጠመው፣ ወገቡን የያዘው፣ ጫማ የጠበበው ሁሉ «ዩሪክ አሲድ ነው» ይላል። እውነተኛው ሪህ በተነሣበት ሌሊት ደግሞ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ባለ ሪሁ «ነጻ ነህ» ተብሎ እያነከሰ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የፍርድ አሰጣጣችን ነው። ወሬው ቤት እንደገባ ችሎት ይሰየማል፤ አንደኛ ተከሳሽ ሽሮ ናት። ምስር ትከተላለች፣ ባቄላና አተር በግብረ አበርነት ይያዛሉ። «አባዬ፣ ጥራጥሬ ተከልክለዋል እኮ» ትላለች ልጅ ድስቱን እያራቀች። አባወራው ፍርዱን በጸጋ ይቀበላሉ። ማታ ግማሽ ኪሎ ቁርጥ አስቀርበው፣ ሁለተኛ ጃምቦ አዝዘው፣ ሽሮ እንዴት እንደጎዳቻቸው ለወዳጃቸው ያጫውታሉ።

ሂዮን ቾይ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ 47,150 አሜሪካውያን ወንድ የጤና ባለሙያዎችን 12 ዓመት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋል። ሥጋ የሚያበዙት ላይ ሪህ በዝቶ ተገኘ። መጠጥ የሚያበዙትም አላመለጡም፤ ከመጠጥ ሁሉ ቢራ ከፋ። ምስር፣ ባቄላና አተር ግን ሰውነት ወደ ዩሪክ አሲድ በሚለውጠው ንጥረ ነገር፣ በፒዩሪን፣ የበለጸጉ ሆነው ሳለ ለሪህ አላጋለጡም። ሽሮ ያለ ማስረጃ ነው የታሰረችው።

ቀይ ሥጋ የተወው ሰው ደግሞ ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ይወርዳል። «ዓሣ ቀላል ነው» ብሎ ጥብሱን ከሾርባው ጋር፣ ቀን በቀን። ያው ጥናት ዓሣንና የባሕር ምግብን ያስቀመጠው ከሥጋው ጎን መሆኑን የሚነግረው የለም። ቡናም በሲዳማ ምድር፣ በገዛ አገሩ፣ ሲከለከል ሰምቻለሁ። የቾይ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ጥናት ቡና አብዝተው በሚጠጡ ወንዶች ላይ ሪህ ቀንሶ ማየቱን ዘግቧል። ምልከታ ነውና ሲኒ ጨምሩ አልልም። ግን ማን ከለከለ?

ሕክምናው ላይ ስንደርስ ከተማው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ የሽፈራው ዱቄት በባዶ ሆድ ያዝዛል፣ ሌላው ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ይልካል፣ ቸኩሎ የመጣው «አንድ መርፌ ብቻ ውጉኝ» ይላል። ፍል ውሃው ደስ ይላል፣ መንገዱም ያምራል፤ ዩሪክ አሲዱ ግን አብሮ ሄዶ አብሮ ይመለሳል። መርፌውም የዛሬን ሕመም ያስታግሥ ይሆናል እንጂ የተከማቸውን አያወጣም።

የዩሪክ አሲድን ምርት ቀንሶ የተከማቸው እንዲሟሟ የሚያደርገው አሎፑሪኖል የተባለ መድኃኒት ግን አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ከፈጠሩት መካከል ገርትሩድ ኤልየንና ጆርጅ ሂቺንግስ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በትንሹ ተጀምሮ፣ ቁጥሩ ከ6 በታች እስኪወርድ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፤ ከዚያም በየቀኑ ይዋጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተቀመጠው ክሪስታል ሲናድ ሕመሙ ሊቀሰቀስ ይችላል፤ ሐኪሞች ማስታገሻ አብረው የሚያዝዙትም ለዚሁ ነው። የእኛ ሰው ግን ሲያመው ይጀምረዋል፣ ሲቀሰቀስበት «አባሰብኝ» ብሎ ይጥለዋል፣ የተረፈውን ለጎረቤት ያበረክታል። ጎረቤትም ያመሰግናል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በሚታከሙ የዓይነት ሁለት ስኳር ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ታትሟል። ከሦስቱ አንዱ ያህል ዩሪክ አሲዱ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ነገሩ ከቦርጭ፣ ከደም ግፊትና ከስኳር ጋር ተያይዞ ይመጣል ማለት ነው። እኛ ግን ቦርጫችንን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈን ስለ ምስር እንከራከራለን።

እንግሊዝ፣ ኖቲንግሃም ውስጥ 517 የሪህ ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው ሁለት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። ግማሹ በተለመደው የሐኪም ቤት አሠራር ታከመ። ግማሹን የሠለጠኑ ነርሶች ይዘው በሽታውን አስረዱት፣ ሥጋቱን ሰሙ፣ መድኃኒቱን በየጊዜው አስተካከሉለት። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት፣ በነርሶቹ ከተያዙት 95 በመቶው ዩሪክ አሲዳቸው ከ6 በታች ወርዷል፤ በሌላው ወገን እዚያ የደረሰው 30 በመቶ ነው። ነርሶቹ አዲስ መድኃኒት አልነበራቸውም፤ በአብዛኛው የሰጡት ያንኑ አሎፑሪኖል ነው።

እናንተ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያዎች የምትሠሩ ነርሶች፣ ይህ ሥራ የናንተ ነው፤ ተረከቡን። ስትረከቡንም መጀመሪያ ሽሮዋን ፍቱልን፣ ስለ ጃምቦውም ሳታፍሩ ጠይቁን።