የተገለበጠውን ክፍል መልሶ ለመገልበጥ

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄኔራል ኬሚስትሪ ያስተምራሉ እንበል። «ፍሊፕድ ክላስሩም» የሚባለውን ዘዴ ሞክረው እንዲከሽፍ ከፈለጉ መንገዱ ቀላል ነው። ዘዴውን ካስፋፉት መካከል ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ ይገኛሉ፤ ሁለቱም የኬሚስትሪ መምህራን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ገለጻቸውን በቪዲዮ መቅረጽ ጀመሩ። ገለጻው ቤት ከተሰማ፣ የክፍሉ ሰዓት ተማሪው ሲቸገር አጠገቡ ለመቆም ይተርፋል። እርስዎ ይህን ይርሱና ሙሉ ሐሳብዎን ቪዲዮው ላይ ያድርጉ።

የሁለት ሰዓት ሌክቸርዎን ሳይቆርጡ ይቅረጹት፤ ስላይዱን ከላይ እስከ ታች ያንብቡ። ከዚያ ለነገ ክፍል ዛሬ ማታ ቴሌግራም ላይ ይልቀቁት። ፓኬጅ ያለቀበት ወይም የዶርሙ ዋይፋይ የማይደርሰው ተማሪ ሳያየው ይመጣል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። አሥር ደቂቃ የማትሞላ፣ በአንድ ሐሳብ ላይ ያተኮረች ቪዲዮ ከሁለት ገጽ ማስታወሻና ከሁለት ሦስት ጥያቄ ጋር ቀደም ብለው ቢልኩ ብዙዎቹ ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ ስለዚህ አይላኩ።

ጠዋት ሲገቡ «ቪዲዮውን ማን አየ?» ብለው ይጠይቁ። ግማሹ አንገቱን ሲደፋ ጠመኔ ያንሱና ያንኑ ከሀ ጀምረው ያስተምሩ። ከዚያ ወዲያ ቪዲዮ የሚከፍት አይኖርም። እንቅልፉን አጥቶ ያየው ትጉህ ተማሪም በከንቱ እንደደከመ ይገባዋል።

ኢኩሊብሪየም ላይ ሲደርሱ ግን ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ክፍሉ ሊነቃብዎት የሚችለው እዚህ ነው። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ቡናማ ጋዝ ነው። ሁለት ሞለኪውሎቹ ሲጣመሩ ቀለም የሌለው ዳይናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ይሆናሉ። የሁለቱን ድብልቅ የያዘ የታሸገ የብርጭቆ ቱቦ በረዶ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይገረጣል፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይደምቃል። ቀለሙ አንድ ቦታ ሲረጋስ? «ሪአክሽኑ ቆመ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። እዚህ ላይ እጅ አስወጥተው ሐሳባቸውን ቢቆጥሩ፣ ከጎናቸው ካለው ጋር እንዲከራከሩ ቢፈቅዱና እንደገና ቢቆጥሩ፣ ሞለኪውሎቹ በሁለቱም አቅጣጫ በእኩል ፍጥነት መለዋወጣቸውን እንዳላቋረጡ ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ። ኤሪክ ማዙር ሃርቫርድ ውስጥ ፊዚክስን ያስተማረው እንዲህ እያከራከረ ነው። የሚታየውን ቀለም ከማይታየው ሞለኪውል፣ ሁለቱንም ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ቀመር ጋር ማገናኘት ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ተማሪ ስልኩን ይዞ ብቻውን የሚወጣው ዳገት አይደለም። እንዲከሽፍ ከፈለጉ ክርክሩ ሳይጀመር «አልቆመም፣ ጻፉ» ብለው ይለፉት።

ፈተናውንም እንደ ድሮው ይተዉት። «የሌ ሻተሊየርን መርህ ጻፍ» ብለው ይጠይቁ፤ የሸመደደ ሙሉ ነጥብ ይወስዳል። ቱቦው በረዶ ውስጥ ለምን እንደገረጣ በራሳቸው ቃል እንዲያስረዱ ከጠየቁ ግን፣ ለሚቀጥለው ክፍል ተዘጋጅተውና ጥያቄ ይዘው ይመጡብዎታል።