ይተንፍሱ እንጂ፣ እናቴ

ነርሷ ሜትሩን ወገቤ ላይ ስታዞር ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ ትንፋሼን ያዝኩ። ልጅቷ ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ። ፊቴ መቅላት ሲጀምር፣ "ይተንፍሱ እንጂ፣ እናቴ" አለችኝ። ተነፈስኩ፤ 97 ሴንቲ ሜትር። ለሴት 88 ካለፈ አደጋው ከፍ ያለ ነው፣ ከ80 ጀምረው የሚያስጠነቅቁም ሐኪሞች አሉ። እኔን ያበገነኝ ግን ቁጥሩ ሳይሆን "እናቴ" መባሌ ነበር። ገና 53 ዓመቴ ነው።

መናዘዜ ካልቀረ ከዋሸሁት ልጀምር። ሐኪሙ "ቅባት ያበዛሉ?" ሲለኝ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ "ኧረ እኔ ጿሚ ነኝ!" አልኩት። እውነት ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን አንድም አላስታጉልም። በጾም ቅቤ ደጄን አይረግጥም። ያልነገርኩት ደጄን የሚረግጠውን ነው፤ ያ ብርድ ሲነካው የሚረጋው ዘይት በጀሪካን ይገባል። ሽሮዬ ላይ ዘይቱ ተንሳፎ ካልታየኝ ወጥ የሠራሁ አይመስለኝም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሳምቡሳ አለ፤ የጾም ነዋ! ለካ የፓልም ዘይት ኮሌስትሮል ባይኖረውም፣ ግማሽ ያህሉ ቅቤ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዘር የሆነ ስብ ነው። ይህ ስብ ሲበዛ ጉበት ኤልዲኤል የሚሉትን መጥፎ ኮሌስትሮል ከደም ውስጥ መልቀሙን ቸል ይላል። ጉበቴም እንደ ባለቤቱ መሆኑ ነው።

የፋሲካውንማ አታንሱት። 55 ቀን የታገስኩትን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ፣ ድስቱ አጠገብ ቆሜ ከነወለዱ አስከፍለዋለሁ።

የላቦራቶሪው ወረቀት ሲመጣ ኤልዲኤል 172፣ ጥሩው ኤችዲኤል ደግሞ 39 ይላል። ሐኪሙ የወር አበባዬ መቼ እንደቆመ ጠየቀኝ። ይሄ ልጅ ምን አገባው ብዬ ተኮሳተርኩ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ ሴት ልጅ እስከዚያ ድረስ ኢስትሮጂን የሚባል ዘበኛ አላት። ዘበኛው ጡረታ ሲወጣ ኤልዲኤል ሽቅብ ይላል፣ ዳሌ ላይ ይቀመጥ የነበረውም ስብ ወደ ሆድ ዕቃ ይገባል። የሆድ ዕቃ ስብ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። ጉበትን በስብ ያጥለቀልቃል፣ ደም ሥርን የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር ይረጫል። እኔ ያን ሁሉ ዓመት የፈለግሁትን በልቼ ምንም ያልሆንኩት በራሴ ጉብዝና መስሎኝ ስንቱን ቀጭን ሳሾፍበት ኖርኩ።

የደም ቧንቧ ሲባል የሚታየኝ የወጥ ቤቴ ቧንቧ ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱን ለራሴ አዘዝኩ፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ሎሚ በሙቅ ውሃ። ሦስት ወር ሙሉ ሳጥብ ከረምኩ፤ ማታ ማታ ደግሞ፣ ጾም ካልሆነ፣ ክትፎ። ይህን ለሐኪሙ ስነግረው ሳቁን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረ። "እናቴ፣ ውስጡ የተለጠፈ ነገር የለም፤ ግድግዳው ራሱ ነው" አለኝ። ያኔ ገባኝ። የጭቃ ቤታችን ግድግዳ እርጥበት ሲገባው ልስኑ ከሥር ያብጥ አልነበር? ኤልዲኤልም በደም ሥሩ ስስ ሽፋን ሾልኮ ግድግዳው ውስጥ ይሸሸጋል። ሊያስወጡት የሄዱት ነጭ የደም ሕዋሳት ስቡን ውጠው ውጠው እዚያው ይቀራሉ (ሠርግ ቤት የተላክሁ እኔን ነው የሚመስሉት)። ያበጠው ልስን አንድ ቀን ከተሰነጠቀ ደም እላዩ ላይ ይረጋል፣ መንገዱም ይዘጋል። ሴት ላይ የልብ ሕመም ምልክቱ ሁልጊዜ ደረት መያዝ ብቻ አይደለም፤ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ የመንጋጋና የጀርባ ሕመምም ሊሆን ይችላል። እኔማ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ የሚያጥረኝን ትንፋሽ በሊፍቱ መበላሸት ሳሳብብ ሁለት ዓመት አለፈኝ።

ስታቲን የሚባል የኮሌስትሮል ክኒን ታዘዘልኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ክትፎውን በልቼ ክኒኑን ከላዩ መዋጥ ነበር።

ቢሆንም አራት ኪሎ ቀነስኩ። በዚህ ኩራቴ ባለፈው ማክሰኞ ጎረቤቴ ቤት አራስ ጥየቃ ሄድኩ። ገና በሩን ስገባ፣ "አንቺ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? አመመሽ እንዴ? ያ ውፍረት እኮ ያምርብሽ ነበር!" አለችኝ። አንጀቷ ተንሰፍስፎ ማንኪያ አስያዘችኝ። ገንፎው ይጨሳል፤ መሀሉ ላይ በርበሬ የገባበት ቅቤ እንደ ኩሬ ተኝቷል። "ከዳር ከዳሩ ብቻ ነው የምበላው" አልኳት፣ ለእሷም ለራሴም። እየተጫወትን ከዳሩ ስቆርስ፣ ስቆርስ፣ የገንፎው ግድግዳ ሳሳ። ከዚያ ተናደና ቅቤው በእኔ በኩል ፈሰሰ።