የመፀው ሽርሽር በቡና አገር፦ መጠነኛ ጥናት

በኢትዮጵያ ልጆችን ቤት ውስጥ የማስተማር ልማድ የለም የሚል እምነት አለ። ይህን የሚያምኑ ሰዎች በጥቅምት ከጅማ ወደ አጋሮ ተጉዘው አያውቁም። ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ ማለትም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ በጎማ፣ በማና፣ በሊሙና በጌራ የመማሪያ ክፍሎች ይሳሳሉ፤ ማሳው ይሞላል። ስሙ ሲጠራ "ቀሪ" የተባለው ተማሪ በዚያው ሰዓት ዋንዛ ጥላ ሥር ቅርጫት ታጥቆ፣ እናቱ ከፊቱ ቆማ፣ ፈተና ላይ ነው።

እነዚህን ልጆች ለማጥናት ታስቦ ነበር፤ ሥራ ስለበዛባቸው ለቃለ መጠይቅ አልተመቹም። ስለዚህ ጥናቱ ፊቱን ወደ ሌላ ወገን አዙሯል፤ ይኸውም ጅማ ከተማ የሚኖረውና በመፀው እሁድ "ልጆቹ አገራቸውን ይወቁ" ብሎ ወደ ገጠር የሚዘምተው ቤተሰብ ነው። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆች፣ የተከራየ ሚኒባስ፣ የተዋሱት ቅርጫት። ይህ ቤተሰብ ክረምቱን ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ያሳልፋል፤ መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ከቤቱ ይወጣል።

ዝግጅቱ ቅዳሜ ማታ ይጀመራል። እናት ዳቦ ትደፋለች፣ ቆሎ ትቆላለች፣ ጀሪካን ትሞላለች። አባት መርሐ ግብር ያወጣል። መርሐ ግብሩ "መነሻ ከጠዋቱ 12 ሰዓት" ይላል፤ 3 ሰዓት ላይ የታናሽየው አንድ እግር ጫማ አልጋ ሥር ሲገኝ ጉዞው ይጀመራል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ታሪክ ነው፤ የሚሰጠውም ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ በዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን ገዝተዋል፤ ለዳግማዊ ምኒልክ ገብረው የግዛታቸውን የውስጥ አስተዳደር አቆይተዋል፤ ቁመታቸውም ከ2 ሜትር በላይ እንደነበር ይነገራል። ከዚህ ሁሉ ልጆቹ የሚይዙት የመጨረሻውን ብቻ ነው። አባት ስለ ግብር፣ ስለ ሲራራ ነጋዴና ስለ ጅማው ሂርማታ ገበያ ሲያብራራ፣ እነሱ በየበሩ ሥር እየቆሙ ንጉሡ ጎንበስ ይሉ እንደነበርና እንዳልነበር ይከራከራሉ።

ሥነ ሕይወት ቦዬ ረግረግ ዳር ይሰጣል። ቦዬ ጉማሬ አለ፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። ጉማሬው ግን ለሽርሽር ቤተሰብ የተለየ አቀባበል አለው፤ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ውሃ ውስጥ ይገባል። "አሁን እዚህ ነበር እኮ!" የሚል አንድ ጎረምሳም ከዳር አይጠፋም።

የቡ የምትባለውን ከተማ አልፈው አጋሮ ሲቃረቡ ትምህርቱ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ይሸጋገራል፤ ርዕሱ "ቡና የት ተገኘ?" ነው። አባት በመስኮት እጁን አውጥቶ "ያውና፣ ከዛፎቹ ባሻገር፣ ቡናን አገኘ የሚባለው እረኛ ካልዲ ፍየሎቹን የጠበቀበት ነው" ይላል። እናት የከፋ ልጅ ከሆነች "እሱማ ማንኪራ ነው" ትላለች፤ ከዚያ እስከ አጋሮ መግቢያ ዝምታ ይሰፍናል። የጎማ ሰው የራሱን ጮጬን ይጠራል፣ የከፋዋ የቦንጋ ሰው ማንኪራን። ቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አላት፤ ጮጬ ደግሞ የማይነቃነቅ እምነት አላት። የእረኛው ታሪክ ቀድሞ ታትሞ የሚገኘው በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ፋውስቱስ ናይሮን የተባለ ሊቅ በላቲን ባሳተመው ጽሑፍ ነው፤ እዚያ ላይ እረኛው ስም የለውም፣ ነገሩም የሆነው በየመን በኩል ነው። ሹፌሩ የጎማ ሰው ስለሆነ ይህ መረጃ መኪና ውስጥ አይነሳም። ታላቅየዋ ልጅ "አባዬ፣ ፍየሎቹስ የማን ነበሩ?" ብላ ትጠይቃለች፤ ጥያቄው በይደር ተይዟል።

ማሳው ሲደረስ የተግባር ትምህርቱን የሚሰጡት አያት ናቸው፤ ልጆቹ በኦሮምኛ "አኮ" ይሏቸዋል። አኮ የተጠየቁትን አይመልሱም፣ ያሳያሉ። ቅርንጫፉን በቆልማማ እንጨት ወደ ራሳቸው ጎትተው፣ ቀዩን ፍሬ በሁለት ጣት ይዘው ጠምዘዝ ያደርጉታል፤ አጠገቡ ያለው አረንጓዴ ካለበት ንቅንቅ አይልም። አባት ይህን ልብ ብሎ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ቅርንጫፉን ከሥር እስከ ጫፍ ባንድ እጁ ይገፈዋል። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቅጠል፣ የከርሞው እንቡጥና ጥቂት ጉንዳን አንድ ላይ ቅርጫት ይገባሉ። አኮ አንድ ቃል አይናገሩም። ቅርጫቱን ተቀብለው ሰሌን ላይ ይዘረግፉትና አረንጓዴውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ፤ ቀስ ብለው፣ ሁሉም እያየ። ይህ በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ ተከታታይ ምዘና ይባላል።

ታናሽየው ቀዩን ፍሬ አፉ ጨምሮ ጣፋጩን ይመጥና ቡናውን እህቱ ላይ ይተፋል። የአጎቱ ልጅ፣ የዚያው የገጠሩ፣ ቅርጫቱን ሞልቶ ሁለተኛውን ጀምሯል። "እነዚህ 74110 ናቸው" ይላል አጠር ያሉትን ዛፎች እያሳየ። አባት የስልክ ቁጥር መስሎት የቀረውን ይጠብቃል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፍሬውን ዛፉ ላይ እንዳለ የሚያጠቁረው የቡና በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ያን ጊዜ መልኮ የሚገኘው የጅማ ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚችል ዛፍ ፍለጋ ደን ለደን ወጣ፤ ይህኛው በ1974 እ.ኤ.አ. ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ ተመረጠ። የቁጥሩ መጀመሪያ 74 የተመረጠበት ዓመት ነው። ልጁ ዓመቱን አያውቅም፤ ዛፉን ግን ከሩቅ፣ ከቅጠሉ ይለየዋል።

ሒሳብ የሚመጣው ሚዛን ላይ ነው። 1 ኪሎ የታጠበ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ያስፈልጋል። የቤተሰቡ የቀን ለቀማ ለ6 ተካፍሎ፣ አኮ የለዩት አረንጓዴ ወጥቶለት፣ የሚኒባሱ ኪራይና ለምሳ የታረደው ዶሮ ሲቀነስበት፣ ቤተሰቡ ለአኮ ባለዕዳ ሆኖ ይገኛል። ከምሳ በኋላ ቡና ይፈላል፤ አባት አቦሉን ጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ ያንቀላፋል።

ለንጽጽር ያህል፣ በአሜሪካ በዚሁ ወቅት ቤተሰቦች ፖም ለመልቀም ወደ ገበሬ ማሳ ይሄዳሉ። ልጆቻቸውን ቤት ከሚያስተምሩት አንዳንዶቹ ደግሞ፣ እንግሊዛዊቷ የትምህርት ሰው ቻርሎት ሜሰን (1842–1923) እንደመከረችው፣ ያዩትን ቅጠልና ነፍሳት ደብተር ላይ ያስስሏቸዋል። ታላቅየዋ ይህን ለአኮ ስትተርክላቸው፣ የደብተሩን ነገር አልፈው የሚጠይቁት ስለ ክፍያው ነው።

"ለቃሚው ነው የሚከፍለው?"

"አዎ አኮ፣ ለቃሚው።"

አኮ ያንቀላፋውን አባት ለረጅም ጊዜ ይመለከቱታል። በከርሞው ለቀማ የዋጋ ድርድር ሳይኖር አይቀርም።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ መንግሥት ራሱ የቤት ውስጥ ትምህርትን የሞከረው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ ነበር፤ ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተሰጠ። ትምህርት ቤቶቹ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በየተራ መከፈት ሲጀምሩ በእነ ጎማ ቡናው ቀልቶ ነበር። የትምህርት ዘመን ሰሌዳ የሚያወጡ ሰዎች ዛፉን አማክረው አያውቁም።

ጥናቱ እዚህ ላይ አንድ የማይመች ግኝት አለው። ማታ ላይ ሚኒባሱ ወደ ጅማ ይመለሳል፤ ሰኞ ታላቅየዋ "የቡና ለቀማ ሽርሽራችን" የሚል ድርሰት ጽፋ ክፍል ፊት ታነባለች፣ ይጨበጨብላታል። የአጎቷ ልጅም ሰኞ ይለቅማል፣ ማክሰኞም። የማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሲያገላብጥ፣ ፀሐይ ሲበረታና ማታ ሲሆን ሲሸፍን ሳምንታት ያልፋሉ፤ ደብተሩን የሚገልጠው የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲቃረብ ነው፣ ያውም ከገለጠው። እሱ ስለ ቡና ድርሰት እንዲጽፍ የጠየቀው የለም። ለቀማ ትምህርት የሚሆነው በማግስቱ ክፍሉ ለሚመለስ ልጅ ነው፤ ለሌላው ሥራ ነው፣ ስሙም ሥራ መባል አለበት።

በመሆኑም ሁለት ጥያቄዎች ቀርበዋል። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የትምህርት ሰሌዳ ሲያወጡ ለለቀማው ሳምንታት ቦታ ይያዙ፤ ያመለጠውን ትምህርትም ያካክሱ። እሁድ የምትመጡ ቤተሰቦች ደግሞ እባካችሁ ቀዩን ብቻ ልቀሙ።