ጥርስ ለምኔ

የሰው ልጅ እህልን በጥርሱ እያላመጠ መዋጥ ከአባቱ ከአዳም የወረሰው ቀንበር መሆኑን ሳይገነዘብ እልፍ ዘመን ከኖረ በኋላ፣ እነሆ በዛሬዪቱ አዲስ አበባ፣ ይልቁንም በኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከዚህ ባርነት ነፃ የሚያወጣው የጁስ መፍጫ ተገኝቶለታልና ደስታችን ፍጹም ይሁን። 32ቱ ጥርሶች በክብር ጡረታ ወጥተው ሥራቸውን ለሞተርና ለምላጭ ስላስረከቡ፣ ከባለቤታቸው የሚጠበቀው አፉን ከፍቶ መዋጥ ብቻ ነው። ይህም «ፈጣን ቍርስ» ይባላል።

ስለ ፍጥነቱ ምስክርነት እንስጥ። ዘመናዊው ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ፓፓያውን ልጦ ፍሬውን ያራግፋል፤ ማንጎውን ከዘሩ ይገፍፋል፤ ሙዙንም ቈራርጦ በበረዶ ቤት ያሳድረዋል። ሲነጋ አቮካዶውን ሰንጥቆ በማንኪያ ይፍቃል፣ ሎሚ ይጨምቃል፣ ማር ያንጠባጥባል፣ ክዳኑን በመዳፉ ተጭኖ ሞተሩን ያስነሣል። ጠጥቶም ሲያበቃ፣ ከምላጩ ሥር የተሸጐጠውን ጭረት ጥርሱ በማይፈልገው የጥርስ ብሩሽ ይፈለፍላል። ከአርባ ምንጭ ድረስ የመጣው ያ ሙዝ ግን፣ ማንም ባይደክምለት ኖሮ፣ ልጣጩን እንደ ካባ ጥሎ በታክሲ ሰልፍ ላይ በአራት ጉርሻ ባለቀ ነበር።

ጩኸቱንም የሚያማርሩ ጎረቤቶች ታሪክ ባለማወቃቸው ይታዘንላቸዋል። ይህን መሣሪያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1937 በቺካጎ የምግብ ቤቶች ትርኢት ላይ ለሕዝብ ያሳየው ፍሬድ ዋሪንግ የሙዚቃ ጓድ መሪ ነበርና፣ በታችኛው ፎቅ ለተኛው ሰው ማለዳ ማለዳ የሚያሰማው ስብሐተ ነግህ ከሙያ የተወረሰ ነው። ያው መሣሪያ ከዚያ በኋላ፣ ዶክተር ጆናስ ሳልክ የልጅነት ልምሻን ክትባት ባገኘበት ምርምር ውስጥ አገልግሏል፤ ከእንዲህ ያለው ጥቃቅን ጉዳይ ተላቆ ሙዝ ወደ ማድቀቅ ማዕረግ የደረሰው ግን በእኛ ዘመን ነው።

አባቶቻችን በነገረ ሃይማኖት ቱሳሔን አጥብቀው አውግዘዋል፤ ስለ አቮካዶና ስለ ፓፓያ ግን ቀኖና ስላልደነገጉ፣ የቤታችን ሊቅ ያገኘውን ሁሉ ያለ ፍርሃት ይቀላቅላል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ገብቶ ዘወትር ቡናማ ሆኖ ይወጣል። በዓርብ ማለዳ በ1 ሰዓት ሲጠጣ ያገኘው ቢኖር «ፍስክ የለበትም» ይለዋል፤ ስለ ሰዓቱ የጠየቀው የለምና አይመልስም። ጉርሻም በዚህ ሥርዓት ተሽሯል፤ እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን በምን ታጉርስ? እያንዳንዱ የየራሱን ብርጭቆ ይዞ፣ እንደ ባሕታዊ በአርምሞ፣ ስልኩን እያየ ይጨልጣል።

በሶን የሚያነሣ ኋላ ቀር አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ የተቈላና የተፈጨ ገብስ በውሃ ተበጥብጦ መንገደኛውንና ወታደሩን ሲያደርስ ኖሯል፤ ተልባም በማር ተበጥብጦ ሲጠጣ ማንንም ከእንቅልፍ አልቀሰቀሰም። ነገር ግን መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ነገር እንዴት ሥልጣኔ ሊባል ይችላል? እውነተኛው ሥልጣኔ፣ መብራት በሄደ ጊዜ፣ የተቈራረጠውን ፍሬ በማሰሮው ውስጥ እያየ፣ አቮካዶው እስኪጠቍር ድረስ በትዕግሥት መቆም ነው።

የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት ጭማቂና ስሙዚ ተደምሮ በቀን ከ150 ሚሊ ሊትር እንዳያልፍ ይመክራሉ፤ ፍሬው ሲፈጭ ስኳሩ ከቤቱ ስለሚወጣ ጥርስን ይጎዳል ባዮች ናቸው። ይህ ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ነው፤ የእኛው ሰው ግማሽ ሊትር ይቀዳል። ደግሞስ ጡረተኛ ጥርስ ቢጎዳ ምን ይቀራል?

ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን፣ ይኸው ሰው ከቢሮው ፎቅ ወርዶ፣ ከሥር ባለው ምግብ ቤት ተቀምጦ፣ እንቍላል ፍርፍር ከሁለት ዳቦ ጋር አዝዞ፣ በ32ቱም ጥርሶቹ እያኘከ ይታያል። አስተናጋጇ የሚጠጣ ምን ላምጣ ብትለው፣ «ስፕሪስ አድርጊልኝ፣ ስኳር ይብዛበት» አላት።