አንድ ዘበኛ፣ አምስት ማዕረግ

ድሮ ጌትነት አድካሚ ነበር። አንድ መኮንን ከቤቱ ሲወጣ መሣሪያውን የሚሸከም ጋሻ ጃግሬና በቅሎውን የሚስብ አሽከር ይከተለዋል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ እልፍኝ አስከልካዩ በር ላይ ይቆማል፤ ግብር ሲያበላ አጋፋሪው እንግዳውን በየማዕረጉ ያስቀምጣል፤ ማታ እግሩን የሚያጥብ ብላቴና ይቀርባል። ያን ሁሉ ሰው ማብላት፣ ማልበስ! ወጪውን አስቡት።

እኛ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ባለቪላዎች ነገሩን አሠልጥነነዋል። አምስቱንም ማዕረግ ለአንድ ሰው ደርበን «ዘበኛ» አልነው። ክላክስ ሲሰማ ከእንቅልፉ ዘሎ በር የሚከፍተው እሱ ነው። የላፕቶፕ ቦርሳችንን ከመኪና እስከ ሳሎን ይሸከማል፤ እኛ ጉልበታችንን ለጂም እንቆጥባለን። የዛሬ ጌታ እግሩ መሬት ስለማይነካ እግር አጠባው ወደ ጎማ ተዛውሯል። ቅዳሜ ሥጋ ሲቆረጥ ያጋፍራል፤ ቪኤይት ጥላ ሥር፣ ቪትዝ ከአጥር ውጭ ጭቃው ላይ። ሲሳሳት እንቆጣዋለን እንጂ ወግ አዋቂ ነው።

ታዲያ አንዳንዱ «ደሞዝ አነሰ» ይላል። የድሮ አገልጋይ እንዲህ ያማርር ነበር? ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በምርኮ መጥተው በ1900 ዓ.ም. የምኒልክ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ባልቻ ሳፎም ከምርኮ ተነስተው ደጃዝማች ተባሉ። በእኛም ቤት እድገት አለ፤ ዘበኛችን በሦስተኛ ዓመቱ ከቆርቆሮ ጎጆ ወደ ብሎኬት ጎጆ ተዛወረ። የብሎኬቷን ጎጆ ግን ከውሻው ጋር ይጋራታል።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለግለሰብ ቤት የሚሰጠውን ጥበቃ፣ ጽዳት፣ አትክልተኝነትና ሹፌርነት «የግል አገልግሎት» ብሎ ከደጁ ውጭ አቁሞታል። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቀርቷል፤ ክላክስ የተነፋበት ሰዓት ግን የትርፍ ሰዓት አይደለም።

ትልቁን ብልሃታችንን አልነገርኳችሁም። የድሮ ጌታ አሽከሩን ከሩቅ ያስመጣ ነበር፤ እኛ ከመሬቱ ጋር ነው ያገኘነው። ሰውየው ይኼን ግቢ ሲያርሰው የኖረ ነው። ካሳውን ተቀበለ፣ ካሳው አለቀ፣ ከዚያ በሩን አንኳኩቶ ሥራ ጠየቀን። ከውጭ የመጣ ዘበኛ እንዲህ ቦታውን ያውቃል? ጉድጓድ ስናስቆፍር ውሃው የት ቅርብ እንደሆነ አሳየን። የክረምት ጎርፍ በየት እንደሚገባ፣ የትኛው ጥግ አረንቋ እንደሆነ፣ የወሰን ድንጋዩ የት እንደነበር ያውቃል። (ስለ ድንጋዩ ብዙ ባያወራ ደስ ይለናል።) በ2015 ዓ.ም. ሰፈራችን ሸገር ከተማ ሲሆን እንኳ «አሁን የት ነው ያለነው?» ያላለ እሱ ብቻ ነበር።

ባለፈው እንግዶች ሳሎኑን ሲያደንቁ ሶፋ ለማስጠጋት ጠርተነው ነበር። ወለሉን ትንሽ አየና «እዚች ላይ ነበር አውድማዬ፣ ጤፍ የምወቃበት» አለ። እንግዶቹ በጣም ሳቁ። ልጄ ከላይኛው ፎቅ ጮኸ፤ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ ፒዛ አዞ ሞተረኛው በር ላይ ቆሟል።

«አንተ! በሩን!»

ስልሳ ዓመቱን ያለፈው ሰውዬ ሶፋውን ለቆ ሮጠ።

«አቤት ጋሼ!»