ያልበላሁትን ክፈል

ስድስት ክሮነር ሰው አያከስርም። ኖርዌይ ውስጥ በስድስት ክሮነር ከፌስታል በቀር ብዙ የሚገዛ ነገር የለም። ስለዚህ የማወራው ስለ ገንዘቡ አይደለም። «ስለ ገንዘቡ አይደለም» ብሎ የሚጀምር ሰው ሁሉ ስለ ገንዘቡ እንደሚያወራ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ታገሡኝ።

ነሐሴ ውስጥ አምስት ተማሪዎች ሆነን ከበርገን ተነሣንና ሃርዳንገርቪዳ የሚባለው ሰፊ አምባ ላይ ለእግር ጉዞ ወጣን። ተመልሰን እግሬ የቋጠረው ውኃ ገና ሳይፈርጥ ስልኬ ጮኸ። ገንዘብ ያዣችን የወጪ ዝርዝር ልካለች። ባቡር፣ የጎጆ አዳር፣ ሩዝ፣ የታሸገ ቲማቲም እያለ ይወርድ ይወርድና ከሁሉ ግርጌ «ቸኮሌት፣ 6 ክሮነር» ይላል። ለአምስት ተካፍሎ የደረሰኝ ነው።

እኔ ደግሞ ቸኮሌቱን አልበላሁም።

አልበላሁም ስል ለነገር አይደለም፤ ነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ። ቅዳሴ እስኪወጣ ከምግብ የምቆይ ብርቱ እንዳይመስላችሁ፤ ቁርሴን በልቼ ነው የምወጣው። ወተት ያለበት ነገር ግን በዚያ ሰሞን በአፌ አይዞርም። ከአዲስ አበባ ማታ ማታ እየደወለች «ጾሙን እንዴት ይዘኸዋል?» የምትል እናት ያለችው ሰው፣ ከባሕር ማዶም ሆኖ ቸኮሌት አይደፍርም።

ቸኮሌቱን ደግሞ ብታዩት ታዝኑልኛላችሁ። ክቪክ ሉንሽ ይባላል፤ ኖርዌያውያን ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እሱን ሳይዙ ተራራ አይወጡም። መጠቅለያው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው! አገሩን በረገጥሁ ሰሞን ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ ሳየው ልቤ ዘለለ፤ የማኅበረሰባችን በዓል የተዘጋጀ መስሎኝ ዙሪያዬን ማየቴ ትዝ ይለኛል። በዚያ ላይ በመጠቅለያው ውስጠኛ ገጽ የተራራ ሕግ ታትሞበታል፤ ዘጠኝ አንቀጽ አለው። ጉዞህን ለሰው ተናገር፣ የአየሩን ጠባይ እይ፣ በጊዜ ተመለስ፣ መመለስም ነውር አይደለም ይላል። ያልበላኸውን አትክፈል የሚል አንቀጽ ግን የለውም።

ፊንሰ ላይ ከባቡር ወረድን። የመኪና መንገድ የማይደርስባት፣ በኖርዌይ ሐዲድ ላይ ከሁሉ ከፍ ያለችው ጣቢያ ናት፤ 1,222 ሜትር። የአገሩ ልጅ የሆነው መሪያችን ቁጥሩን በኩራት ነገረን። እኔም በአክብሮት ራሴን ነቀነቅሁ። «ሙቀት ፈልገን የምንወርድባት አዳማ ከዚህ ትበልጣለች» ብዬ ደስታውን ልነጥቀው አልፈለግሁም። የኖርዌይ ተራራ ሁሉ አለቃ የሆነው ጋልድሆፒገን ራሱ 2,469 ሜትር ነው፤ እኛ ዘንድ በዚያ ከፍታ ላይ ሰው ተሰልፎ ታክሲ ይጠብቃል።

ታክሲ ስል፣ ያልበላሁትን ስከፍል የኖርሁት ከዚህ ቀደምም ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ የተወለድን ኢትዮጵያውያን በሙሉ ውጭ አገር ስንደርስ ሯጮች ነን። ከአራት ኪሎ ፒያሳ በታክሲ የምሄድ ሰው ነኝ ብል የሚሰማኝ የለም። «ለአንተማ ይኼ ምንህ ነው!» እያሉ ድንኳኑን አሸከሙኝ። ጎጆ ሊያድር የሚሄድ ሰው ድንኳን ለምን ይይዛል? ለጥንቃቄ ነው አሉ። ከመካከላችን ያዘነልኝ ኔፓላዊው ብቻ ነበር፤ እሱንም ኤቨረስትን ስንቴ ወጣህ እያሉ አሰልችተውታል። ልጁ ግን ከታራይ ሜዳ ነው፤ ያደገበት አገር ጉብታ እንኳ የለበትም። የዓለም ጣሪያና የሩጫ ንጉሥ ሁለታችን ከኋላ እያለከለክን ተከተልን።

መንገዱን ድንጋይ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ የላቲን «ቲ» ይመራል። አልፎ አልፎ ጭጋጉ ይወርድና ቀጣዩ «ቲ» ይጠፋል፤ ያኔ መሪያችን ቁሙ ይላል፣ እንቆማለን፣ ዝናቡም መቆማችንን አይቶ ይበረታል። ከመካከላችን አንዷ፣ ስፔናዊቷ፣ ትዘፍናለች። የቀረውን መንገድ አልተርክላችሁም፤ ድንጋይ ነው፣ ከዚያ ሌላ ድንጋይ ነው። ቸኮሌቱም የወጣው ከነዚህ ድንጋዮች በአንደኛው ጥግ ነበር። እኔ በእጄ ምልክት «ይቅርብኝ» አልሁና ለውዜን ቆረጠምሁ።

አሁን ወደ ጎጆው ልውሰዳችሁ፤ ቁርሾዬ የበሰለው እዚያ ነው። የኖርዌይ የእግር ተጓዦች ማኅበር የሚባል አለ፤ በ1868 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ። በየተራራው ወደ 550 ገደማ ጎጆዎች አሉት። አንዳንዱ ጎጆ አስተናጋጅ አለው፤ እኛ የገባንበት ግን ሰው የለበትም። አባል የሆነ ሰው አንድ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ ያ ቁልፍ የብዙዎቹን ጎጆ በር ይከፍታል። ገባን። አልጋ ከነትራሱ፣ ምድጃ፣ የተፈለጠ እንጨት ተዘጋጅቷል። ከዚያ መሪያችን የጓዳውን በር ከፈተው።

ጓዳው ሙሉ ነው! ሩዝ፣ ፓስታ፣ ሾርባ፣ ማርማላታ፣ የቆርቆሮ ዓሣ፣ ክኔከብሮ የሚሉት ደረቅ ዳቦ፣ ቡና። ጠባቂ የለም፣ ካሜራ የለም፣ ቆጣሪ የለም። የፈለግኸውን አንሥተህ ትበላለህ፣ ያነሣኸውን ራስህ ትመዘግባለህ፣ ዋጋውን ትከፍላለህ። ስትወጣ ወለሉን ጠርገህ፣ ለሚመጣው እንግዳ እንጨት ፈልጠህ፣ በሩን ቆልፈህ ትሄዳለህ። ለማታውቀው፣ ወደፊትም ለማታየው ሰው!

እኔ ያደግሁት የጓዳ ቁልፍ በአያቴ መቀነት ጫፍ በሚቋጠርበት ቤት ነው። ስኳር መላስ የጦር ሠራዊት ዘዴ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ያን የተከፈተ ጓዳ ሳይ መጀመሪያ ያሰብሁት «ማን እያየን ነው?» የሚለውን ነው፤ ቀጥሎ ግን ሆዴ ባባ። እንዴት ያለ ሕዝብ ነው! ለመንገደኛ ሙሉ ጓዳውን አምኖ ይሰጣል!

እንግዲህ የማይገባኝ ይኼ ነው። ለማያውቁት ሰው ጓዳ የሚከፍቱበት፣ ከወዳጅ ግን የቸኮሌት አንድ አምስተኛ የሚተሳሰቡበት አገር ማን ያደረገው ነው? እኛ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነን። ለማያውቁት ሰው በር ላይ ቁልፍ፣ ከቁልፉ በላይ መቀርቀሪያ፣ ከመቀርቀሪያው በላይ «ተናካሽ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ (ውሻ ባይኖርም)። ለወዳጅ ግን ሒሳብ መቁጠር ነውር ነው።

ነውር ነው ስል ካፌ ውስጥ ያለውን ትግል አስታውሱልኝ። ሒሳብ ሲመጣ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ይያያዛል። «በሞቴ!» «አይሆንም፣ ዛሬ የኔ ነው!» «ባለፈውም አንተ ነህ የከፈልኸው!» አስተናጋጁ የማንን ብር እንደሚቀበል ጨንቆት መሐል ይቆማል። ነቃ ያለው ሰው መጸዳጃ ቤት የሚሄድ መስሎ ካሸሪዋ ዘንድ ቀድሞ ይጨርሳል። የበለጠ ነቃ ያለው ደግሞ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ቦርሳው እንዳይወጣ በቀስታ ይታገላል፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሁላችንም ዝም እንለዋለን። የጫማ ክሩ ሒሳብ በመጣ ቁጥር የሚፈታበት ወዳጅስ ማን የለውም?

እስቲ ግን «ባለፈው አንተ ነህ የከፈልኸው» የሚለውን ልብ በሉት። ባለፈው ማን እንደከፈለ እንዴት አወቅን? ቆጥረን ነዋ! የእኛ መዝገብ በስልክ አይደለም እንጂ ከነሱ ይረዝማል። እናቴ በእኅቴ ሠርግ ማን ምን ይዞ እንደመጣ፣ የማን ድፎ ዳቦ ከሥሩ እንዳረረ፣ ማን ባዶ እጁን መጥቶ ሁለት ሰሃን እንደበላ አሁን ብትጠይቋት ትዘረዝራለች። ዕድሩስ ለቅሶ የቀረውን ሰው ቅጣት በመዝገብ አይደል የሚይዘው? ሰው ጋብዞ ግብዣውን ዕድሜ ልክ የሚያወራ ዘመድ አለኝ፤ አንድ ክትፎ አብልቶኝ እስካሁን እየከፈልሁ ነው። ስድስት ክሮነር ከፍሎ መገላገልስ ምን አለው ያስብላል።

ያስብላል እንጂ እኔን አላስባለኝም። ገንዘብ ያዣችንን አገኘኋትና ዝርዝሩ ለምን እስከ ቸኮሌት እንደወረደ ጠየቅኋት። «ማንም ቅር እንዳይለው ነው» አለችኝ፤ ፈገግ ብላ፣ ከልቧ።

ቅር አለኝ! ቸኮሌቷን የቆጠረች ዓይን እኔን አላየችኝም። አምስታችን አንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠን በተነሣን ቁጥር እኔ ክኔከብሮ በማርማላታ ስበላ፣ የአገሩን ቡናማ አይብ ስመልስ፣ ወተቱን ሳሳልፍ «አንተ ለምን አትበላም?» ያለኝ አንድ ሰው የለም። የበላሁት ተመዝግቧል፤ አለመብላቴን የሚያሳይ ዓምድ ሠንጠረዡ ላይ አልተሠራም። ድንኳኑን የተሸከመ ትከሻዬም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። እኩል ይላሉ። ወጪው ለአምስት እኩል ተከፈለ፤ ኪሳችንንስ ማን እኩል አደረገው? አንዷ የባቡሩን ዋጋ ከአባቷ ካርድ ትከፍላለች፤ አንዱ ከነፃ ትምህርት አበሉ ቀንሶ አገር ቤት ለእኅቱ የትምህርት ቤት ክፍያ ይልካል። በሁለቱ ፊት አንድ ቁጥር አስቀምጦ «ፍትሕ ነው» ማለት ሒሳብ ነው እንጂ ጓደኝነት አይደለም። ለዚህም አንድ ሰው ቀና ብሎ ቢጠይቅ በቂ ነበር። በእኛ ቤት እኮ እንግዳ እጁን ከሞሶቡ ባነሣ ቅጽበት ቤተሰቡ በሙሉ ይነሣበታል!

እንዲህ ብዬ ረጅም መልእክት ጽፌ ነበር። አልላክሁትም። ዝናብ የመታውን ጫማዬን አስታወስሁ። ጎጆው ውስጥ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ሆኖ በሩ ሥር ጥዬው ተኝቼ፣ ሌሊት ስባንን ይህችው ገንዘብ ያዥ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብላ የሁላችንን ጫማ ታገላብጥ ነበር፤ የእኔንም። ጠዋት ሞቆ ጠበቀኝ። እሱም ዝርዝሩ ላይ አልወጣም። ደግሞስ የእኛ «ብላ በሞቴ» ከበባ አይደለም እንዴ? ሰው ጠግቦ ዓይኑ እየፈጠጠ ጉርሻ የሚዘረጋበት አገር ልጅ ሆኜ «ብላ ያለኝ አጣሁ» ብዬ ክስ ስመሠርት ዳኛውም ይስቅብኛል።

ማስረጃ ግን አለኝ፤ እሱን ሳልናገር አላልፍም። አንድ ክቪክ ሉንሽ ሲከፈት የሚሰበረው ለአራት ዘንግ ነው። አራት! የወጣውም አንድ ቸኮሌት ነው። እኛ አምስት ነን። አምስታችንም በልተን ቢሆን ኖሮ አንዱ ዘንግ በቢላዋ መከፈል ነበረበት፤ ቢላዋ የያዘ ሰው አላየሁም። እንግዲህ አራት ሰው አራት ዘንግ በላ፤ አምስተኛው ከፋይ ሆነ። ይህን ለኔፓላዊው ነገርሁት። ጥቂት አሰበና «እኔም እኮ አልበላሁም፣ ጥርሴን አሞኝ ነበር» አለ። እንዲህ ከሆነ አንድ ሰው ሁለት በልቷል። ማን? እሱ ስፔናዊቷን ይጠረጥራል፤ እኔ መሪያችንን፤ የሕጉን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ሲከት አይቼዋለሁ።

መሪያችን በዚህ መሐል ሌላ ጉዞ አምጥቷል፤ ወደ ሎፎተን። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሕሩ በኮድ ዓሣ ይሞላል፤ ዓሣውን በነፋስ ሊያደርቁት በእንጨት ማማ ላይ ይሰቅሉታል። እሱ የመረጠው ሰሞን ዐቢይ ጾም ላይ ነው የሚወድቀው። ቸኮሌቱን ያልበላሁበትን ምክንያት ከሰማ ወዲህ ጠንቃቃ ሆኗልና «ዓሣ ለጾም ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አገር ቤት ደወልሁ። እናቴ «ደም ያለው ነገር ነው፣ አይሆንም» አለች። አጎቴ ከኋላ ስልኩን ቀምቶ በልጅነቱ ጣና ዳር በጾም ሲበላ እንዳየ ማለ። «የት አየህ?» «ዘጌ!» «ማን በላ?» «አጎታችን!» «እሱ መች ይጾም ነበርና!» ተባባሉ። የስልክ ካርዴ ሊያልቅ ሲል አጎቴ አዲስ ነገር አነሣ፤ ወራት የተሰቀለ፣ የደረቀ፣ በመዶሻ የሚመታ ዓሣ፣ ለመሆኑ ዓሣ ነው ወይስ እንጨት? ንስሐ አባቱን ጠይቆ ሊደውልልኝ ተስማማን። ንስሐ አባቱ ደግሞ ገዳም ወርደዋል፤ መቼ እንደሚመለሱ አልታወቀም።